አስተምሮ መመዘን፦ የቋንቋ እክልን ከቋንቋ ልዩነት ለመለየት

አስተምሮ መመዘን የንግግርና የቋንቋ ቴራፒስቶች «ዳይናሚክ አሰስመንት» ለሚሉት ዘዴ የቀረበ አቻ ቃል ነው። የሚለካው ልጁ እስከ ዛሬ ያወቀውን ሳይሆን ሲያስተምሩት እንዴት እንደሚማር ነው።

ለምን አስፈለገ?

የተለመደው ፈተና ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አስተዳደግ እንዳላቸው አድርጎ ይነሣል። በቤቱ አማርኛ ሲሰማ አድጎ አሜሪካ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን ሥዕል እያሳዩ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉት ዝም ሊል ይችላል። የእንግሊዝኛውን ስም አልሰማው ይሆናል፤ ወይም ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለምን እንደሚጠይቀው ግራ ገብቶት ይሆናል። በታላቅ ፊት አንገቱን መድፋቱ ጨዋነት ነው፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረጉም «አዎ» ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ መዛኝ አንዱን የተግባቦት ችግር፣ ሌላውን መልስ አለመስጠት ብሎ ይመዘግባል።

ፈተናውን ወደ አማርኛ መተርጎም ብቻም አይበቃም። የውጤቱ ማነጻጸሪያ የተሠራው በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ነው፤ በአንዱ ቋንቋ ሕፃን የሚያውቀው ቃል በሌላው የአዋቂ ቃል ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይሠራል?

ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ መፈተን፣ ማስተማር፣ መልሶ መፈተን። ለምሳሌ ባለሙያዋ ልጁ ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍ እያየ ታሪኩን እንዲነግራት ታደርጋለች። ማን፣ የት፣ ለምን የሚሉት ከጎደሉ፣ ሰሚ እንዲገባው እንዴት እንደሚነገር ታስተምረዋለች። ቀጥላ በሌላ መጽሐፍ ትፈትነዋለች። ነጥቡን ብቻ አትይዝም፤ ምን ያህል እገዛ እንደፈለገና የተማረውን ወደ አዲሱ ታሪክ ማሻገሩንም ትመዘግባለች። ቶሎ ከያዘው፣ ቀድሞ የጎደለው ልምድ እንደነበር ይጠቁማል። ብዙ ታግዞም ፈቀቅ ካላለ ግን የቋንቋ እክል ሊኖር ስለሚችል በሁለቱም ቋንቋዎች ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከየት መጣ?

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ያለው ርቀት እንዲታይ አስተምሮ ነበር። ሩቨን ፎየርስታይን ደግሞ በእስራኤል ከየአገሩ የመጡ ስደተኛ ልጆችን አስተምሮ መመዘን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልዛቤት ፔኛና ባልደረቦቿ ዘዴውን በአሜሪካ ለሕፃናት የቋንቋ ምዘና አዋሉት።

የእኛም ልጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። ጹሪኤልና ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ፈተና ከአገሬው ተወላጆች ዝቅ ብለው ታይተዋል፤ ከተማሩ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ፈተናው ቋንቋን ሳይሆን የማሰብ ችሎታን የሚመለከት ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ውጤት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት አሳይቷል።

ስለ አቻ ቃሉ

ቀጥተኛው ፍች «ተለዋዋጭ ምዘና» ፈተናው ራሱ የሚቀያየር ያስመስላል። «አስተምሮ መመዘን» ግን ሥራውን በቅደም ተከተሉ ይናገራል።

ገደቡ

ዘዴው ከአንድ ጊዜ ፈተና የበለጠ ሰዓት ይወስዳል፤ ፍርዱም በመዛኟ ልምድ ላይ ይንጠለጠላል። ቋንቋውን ካላወቀች ጥሩ አስተርጓሚ፣ ባህሉን ካላወቀች የወላጅ ምክር ያስፈልጋታል። ስለዚህ ልጅዎ ዝቅተኛ ውጤት አመጣ ቢባሉ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተፈተነና ያልመለሰውን ካስተማሩት በኋላ መልሰው ፈትነውት እንደሆነ ይጠይቁ።