ራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን መመርመር

የአእምሮ ሕመም ለዘመናት በእርግማንና በክፉ መንፈስ ሲተረጎም ኖሯል። የተሰበረ አጥንት በእጅ ይዳሰሳል፤ በአንጎል ውስጥ የሚካሄደው ግን በራስ ቅል ተሸሽጎ ይቀራል። ይህን መጋረጃ የመግለጥ ጥረት ከፊዚክስ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል፣ በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ የገባ የአቶም እምብርት ለሬዲዮ ሞገድ ምላሽ እንደሚሰጥ በየፊናቸው አሳዩ፤ በ1952ም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በ1956 ደግሞ ኤን-አሴቲል አስፓርቴት የተባለው ውህድ በአንጎል ውስጥ ተገኘ። በ1980ዎቹ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። የሃይድሮጅን እምብርት፣ ማለትም ፕሮቶን፣ እንደሚገኝበት ውህድ ምላሹ በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ሲያሳይ፣ ፕሮቶን ስፔክትሮስኮፒ የውህዶቹን መጠን ይለካል። የኤን-አሴቲል አስፓርቴት ማነስ የነርቭ ሕዋሳትን ጉዳት፣ የላክቴት መብዛት የኦክስጅን እጥረትን ሊጠቁም ይችላል።

በሐርጌሳ ጥናቱ የተካሄደው በማግኔት ሳይሆን በቃለ መጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ምርምር የሠለጠኑ የአካባቢው ጠያቂዎች 4,854 ሰዎችን ዳሰሱ። ተመራማሪዎቹ በለጋ ዕድሜ የተጀመረና ከልክ ያለፈ ጫት መቃም ከሳይኮሲስ ምልክቶች ጋር እንደሚዛመድ አመለከቱ።

ስፔክትሮስኮፒ ብቻውን የአእምሮ ሕመምን ለይቶ አይፈርድም፤ የሕመምተኛውና የቤተሰቡ ቃል ዛሬም ይቀድማል። ሆኖም አንጎልም እንደ ልብና እንደ ኩላሊት የሚታመም አካል መሆኑን ያስረዳል። ይህን የተረዳ ቤተሰብ ሕመምተኛውን በሰንሰለት ከማሰር ይልቅ ወደ ሐኪም ይወስደዋል።