ሁለት ጊዜ የተነቀለ ገበያ

ፒያሳ ከመባሉ በፊት አራዳ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ሜዳ የከተማዋ ዋና ገበያ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአውራጃው የመጣ ጭነት ይራገፍበታል፤ እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ አሞሌው፣ አቡጀዲው፣ ከብቱ ሁሉ የየራሱ ተራ አለው። የገበያው አዛዥ ነጋድራስ ነው። ቀረጥ ይሰበስባል፤ በንግድ ለተጣሉም ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ከነዚህ ሹሞች ስመ ጥር የነበሩት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል አገሬው ከውጭ አገር ሰው ጋር ያለውን ሙግት ሳይቀር ያዩ ነበር። በገበያው ዳር ሕንዱ፣ አርመኑና ግሪኩ ሱቅ ከፈቱ። እቴጌ ጣይቱም ዛሬ ድረስ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል እዚያው አቋቋሙ።

እንግዲህ ጣሊያን ሲመጣ ያገኘው ሰው የሞላበት፣ ሕግና ሥርዓት ያለው ገበያ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቅቀው ሲሄዱ በተነሣው ዘረፋና ቃጠሎ የአራዳ ሱቆች ክፉኛ ተጎዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ የገባው ወራሪ የቀረውን ሊጠግን አላሰበም። ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ ባለሙያዎች ባወጡት የከተማ ፕላን ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ገበያው ከነነጋዴው ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ተባለ። አራዳ የአውሮፓውያን መገበያያና መዝናኛ እንዲሆን ታጨ። የዐፄ ምኒልክ ሐውልት እንኳ ከቦታው ተነቅሎ ነበር፤ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ነው።

ያ በደል ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ገበያው የተነሣው በጅምላ ነው፤ ሻጭም ገዢም፣ አበዳሪም ተበዳሪም በአንድ ላይ አዲሱ ቦታ ላይ ተገናኙ። መርካቶ ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ለመሆን የበቃው ወራሪው ባሰመረለት መስመር ሳይሆን ነጋዴው ትውውቁንና ዱቤውን ይዞ ስለሄደ ይመስለኛል።

ከነፃነት በኋላ ለአውሮፓውያን የታጨው ጎዳና የአዲስ አበቤው ሆነ። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ የካስቴሊ ምግብ ቤት፣ የኤንሪኮ ኬክ፣ በ1940ዎቹ የተከፈተው የቶሞካ ቡና ሁሉም የተቀራረቡ ነበሩ። ሰው የሚገዛው ባይኖረውም ወክ ሊበላ ይመጣል። ወጣቱ ይቃጠር የነበረው ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ በከፈተው ሙዚቃ ቤት በር ላይ ነው፤ «ማሕሙድ ጋ ጠብቂኝ» ካለ ሌላ አድራሻ አያስፈልግም ነበር።

ወርቅ ቤቶቹን ግን ማለፍ አይቻልም። ሠርጉ የተቆረጠለት ቀለበት ለመግዛት የሚመጣው ፒያሳ ነው። እጮኛሞቹ ከፊት፣ የልጅቷ እናት ከኋላ ይገባሉ። ባለሱቁ «ባለ 18 ነው ባለ 21 የምትፈልጉት?» ይልና ቀለበቱን ከትንሿ ሚዛን ላይ ያሳርፋል። እናት አንገታቸውን አስግገው ቁጥሩን ያነባሉ፤ «ስንት ግራም አልከኝ ልጄ?» ብለው ደግመው ይጠይቃሉ። ዋጋው አልስማማ ሲል ተያይዘው ይወጣሉ፤ ቀጣዩ ሱቅ ግድግዳ ተጋሪ ነው። ሌላም ሌላም አይተው ብዙ ጊዜ የሚመለሱት ወደ መጀመሪያው ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ሱቆቹ ትንንሽ ስለነበሩ፣ በራቸውም ቀጥታ እግረኛው መንገድ ላይ ይከፈት ስለነበር ነው።

ጎዳናውን ያደከመው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ኪራይ ረከሰ፤ ያም ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ጣሪያ ሲያፈስ፣ ሰገነት ሲበሰብስ የእኔ ነው ብሎ የሚያድስ ጠፋ። ከሱቆቹ ጀርባ፣ በዶሮ ማነቂያና በእሪ በከንቱ፣ አስተናጋጁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙ በቀበሌ ቤት ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። ለሥራ ሲወጣ ታክሲ አይጠብቅም፤ በእግሩ ነው። ጎዳናው ማታ የማይጨልመውም እነሱ ስላሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀ በኋላ በኮሪደር ልማቱ እነዚህ ሰፈሮች ፈረሱ። የተገኘውን ጥቅም መካድ አይገባም። ዛሬ በፒያሳ እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች ሳትደናቀፍ ታልፋለች፤ መብራቱ ደምቋል። ለቀበሌ ቤት ተከራዮችም ምትክ ቤት መሰጠቱን የከተማው አስተዳደር ተናግሯል። ምትኩ ቤት ግን የሚሰጠው ለየቤተሰቡ ነው። ጎረቤቱ ወደ አንድ ዳር፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ዳር ሊሄድ ይችላል። የአራዳ ነጋዴ በወራሪ ዘመን እንኳ ያላጣውን አብሮ የመነሣት ዕድል የዶሮ ማነቂያ ሰው ሁሉ አግኝቷል ማለት አይቻልም። እኔን የሚያሳዝነኝ ከፈረሰው ግድግዳ ይልቅ ይህ ነው።

አሁንም የሚቻል ነገር አለ። በተነሡት ሰፈሮች ላይ ሕንፃ ሲቆም ምድር ቤቱ ለባንክና ለትልልቅ ማሳያ ሱቆች ብቻ ከተሰጠ እግረኛው አይቶ የሚያልፍበት ረጅም መስታወት ነው የሚሆነው። ከዚህ ይልቅ ምድር ቤቱ በጠባብ ክፍሎች ተከፍሎ፣ በሮቹ ወደ መንገዱ ወጥተው፣ ኪራዩ በልብስ ሰፊ አቅም ተተምኖ፣ ቅድሚያውም ከቦታው ለተነሡት ቢሰጥ ሰዎቹ ይመለሳሉ። ማን ከየትኛው ቤት እንደተነሣ በወረዳው መዝገብ ላይ አለ፤ ጥሪው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።