ችሎት የተነፈገው አድሚራል

ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በ1926 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አርበኛው አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው በፋሺስት ኢጣልያ ጦር ተረሸኑ። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ ናቸውና የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ነበሩ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል፣ አገራችን የምጽዋን ወደብ አገኘች። በኖርዌይ መኮንኖች እርዳታም የባሕር ኃይል አቋቋመች። ከአሜሪካ የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በ1954 ዓ.ም. ተረከበችው። እስክንድር የዚህ ኃይል አዛዥ ሆኑ።

ማዕረጉ የችሎታ ነው ወይስ የደም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥልጣን በዝምድና የሚታደልበት ሥርዓት ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ደርግ መልሱን በጥይት ሰጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አድሚራሉ ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳ ያህል ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። አባትን ወራሪ ገደለ፤ ልጅን የገዛ አገሩ መንግሥት።

አንባቢ ሆይ፣ የታሪክን ምጸት ተመልከት! የደርግ ባለሥልጣናት በ1987 ዓ.ም. ችሎት ፊት ቀረቡ። ጠበቃ ቆመላቸው፣ ምስክር ተሰማ፤ ፍርዱ የተሰጠው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። መሆን የነበረበትም ይኸው ነው። ለእስክንድር የተነፈገው ግን ይህ ብቻ ነበር፤ ጥፋተኛ ይሁኑ ንጹሕ ዛሬም ልንፈርድ አንችልም፤ መዝገቡ ሳይከፈት ተዘግቷልና።