ፋኔስካ፦ የእሸት ወራት ድስት

በኢኳዶር ደጋማ አገር በሰሙነ ሕማማት የሚበላው ፋኔስካ የተባለ ወፍራም ሾርባ ስለ አመጣጡ ሁለት ታሪክ ይነገርለታል። አንዱ 12ቱ እህሎች ሐዋርያትን፣ በጨው የደረቀው ኮድ የሚባለው ዓሣ ክርስቶስን ይወክላሉ ይላል። ሌላው ከስፔኖች በፊት የአገሬው ሕዝብ በእሸት በዓሉ ይበላው እንደነበር ይተርካል። ለእኔ ከሁለቱም ይልቅ የሚታመነው ምስክር ድስቱ ራሱ ነው። በቆሎው፣ አደንጓሬው፣ ሁለቱ ዓይነት ዱባ፣ ኦቾሎኒውና ቾቾ የሚሉት ግብጦ የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ወተት፣ አይብና ያ ዓሣ ግን እ.ኤ.አ. በ1534 ኪቶን የመሠረቱት ስፔኖች ካስከተሏቸው ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናውቀው ፋኔስካ ከወረራው በፊት ሊኖር አይችልም፤ መሠረቱ የአገሬው እህል መሆኑ ግን አይካድም።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቾቾው እንደ ጎጃም ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ተቀቅሎ ለቀናት ውኃ እየተቀየረለት ይዘፈዘፋል፤ ዓሣውም ጨውን እንዲለቅ ውኃ ውስጥ ያድራል። ባቄላው የውስጥ ልጣጩ ሳይቀር ይላጣል። እህሉ ለየብቻ ይቀቀልና በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ቁሌት ላይ ከተፈጨው ዱባ ጋር ይገናኛል፤ ከወተት ጋር የተፈጨ ኦቾሎኒ ያወፍረዋል። ከላይ የተቀቀለ እንቁላልና የተጠበሰ ፕላንቴን ሙዝ ይደረድሩበታል። የእኛ ጿሚ «ወተትና እንቁላል በጾም?» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በስፔንና በግዛቶቿ «የመስቀል ጦርነት ቡላ» የተባለው የጳጳሱ ፈቃድ ምጽዋት የከፈለ ሰው በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል እንዲበላ ይፈቅድ ነበር።

«ቁጥሩ 12 መሆኑስ የቤተ ክርስቲያንን ፈጣሪነት አያሳይም ወይ?» ሊባል ይችላል። ቁጥሩ ግን አይጸናም፤ አንዱ ቤት ሩዝ ይጨምራል፣ ሌላው ኦቾሎኒውን ከእህል ይቆጥራል፣ ከ12 የሚያንስም የሚበልጥም አለ። የማይለወጠው እህሉ እሸት መሆኑ ነው። በዚያ ደጋ መስከረምና ጥቅምት ገደማ የተዘራ በቆሎ ለእሸት የሚደርሰው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ የምዕራባውያን ፋሲካ ደግሞ ምን ቢዘዋወር ከማርች 22 ቀድሞ ወይም ከኤፕሪል 25 አልፎ አይውልም። ቤተ ክርስቲያን ሥጋውን አስቀርታ ዓሣውን አስገባች፤ ለድስቱም ትርጉም ሰጠችው። ድስቱን የሞላው ግን የወራቱ እሸት ነው፤ የሐዋርያቱ ቁጥር ኋላ የተለጠፈ ይመስለኛል።