ካሜራ በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ ወፎች ጥበቃ የሚሰጠው አገልግሎት

የሰሜን ሜጫ ወረዳ ዋና ከተማ መራዊ ከባህር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በአካባቢዋ የተገነባው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የመያዝ አቅም ያለው ሲሆን፣ 7 ሺህ ሄክታር መሬት በመስኖ ለማልማት ታስቦ የተሠራ ነው። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። በመሆኑም በመራዊ ዙሪያ በመሬትና በውሃ አጠቃቀም ላይ የሚተላለፍ ውሳኔ ውሎ አድሮ በሐይቁ ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኙ ረግረጋማ ቦታዎች ላይ መንጸባረቁ አይቀርም። እነዚህ ቦታዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሥጋት የተጋለጡ ወፎች የሚመገቡባቸውና ጎጆ የሚሠሩባቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ውሳኔው በሚሰጥበት ጊዜ ወፎቹን የሚያስታውስ ሰነድ ብዙውን ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ አይገኝም። ረግረግ መሬት በበጋ ሲታይ ባዶ ግጦሽ፣ በክረምት ሲታይ ደግሞ መተላለፊያ ያጣ ውሃ ይመስላል። ቦታውን በአንድ ወቅት ብቻ የጎበኘ ባለሙያ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ብሎ ቢመዘግበው የሚያስገርም አይሆንም። ፎቶግራፍና ፊልም ለጥበቃ ሥራ የሚኖራቸው ዋነኛ ጠቀሜታም ባለሙያው ያላየውን ወቅት ማሳየታቸው ነው።

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመጀመሪያ ቆጠራ በአገሪቱ ለወፎች ጠቃሚ ናቸው ያላቸውን 69 ሥፍራዎች የለየ ሲሆን፣ የጣና ዳርቻና የፎገራ ሜዳ በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል። በባህር ዳር አቅራቢያ በሚገኙት በእንፍራንዝና በይጋንዳ ረግረጎች የሚገኙትን የወፍ ዝርያዎች የሚመለከት የሽመልስ አይናለምና የአፈወርቅ በቀለ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል።

በአካባቢው በይበልጥ የሚታወቁት «ክሬን» በመባል የሚጠሩት ባለረጅም እግር ወፎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል በራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን ያለው ጥቁር ባለዘውድ ክሬንና ከአገጩ ሥር ሁለት የቆዳ ዘለላዎች የሚንጠለጠሉበት ዋትልድ ክሬን ዓመቱን ሙሉ በአገር ውስጥ የሚኖሩ ሲሆን፣ ሁለቱም በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ «ለሥጋት የተጋለጡ» ተብለው ተመድበዋል። ዋትልድ ክሬን በአብዛኛው በአንድ ወቅት አንድ ጫጩት ብቻ የሚያሳድግ በመሆኑ የአንድ ጎጆ መጥፋት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሦስተኛው፣ ግራጫው ክሬን፣ በዓለም ደረጃ ለጊዜው ሥጋት የሌለበት ቢሆንም ከሰሜን አውሮፓ ተነስቶ በመኸር ማብቂያ በብዛት ወደ ጣና ዳርቻ ይመጣና የበጋውን ወራት ያሳልፋል።

የእነዚህን ወፎች ብዛት በዓይን ብቻ መገመት ለስህተት ያጋልጣል። መንጋው ማለዳ ከሚያድርበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ተነስቶ ወደ ማሳ ሲበር በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ሁለት ቆጣሪዎችም የተለያየ ቁጥር ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። በተከታታይ የተነሳ ፎቶግራፍ ግን በቢሮ ውስጥ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ ረጋ ተብሎ ይቆጠራል፤ የሚጠራጠር ካለም ሌላ ሰው ደግሞ ይቆጥረዋል። ከብዛቱ በተጨማሪ የዕድሜ ስብጥሩ ከዚሁ ምስል ይገኛል። የግራጫ ክሬን ጫጩት በመጀመሪያው በጋ ራሱና አንገቱ ቡናማ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ አንገት ካላቸው ወላጆቹ ይለያል። ስለዚህ ጣና ዳር የተነሳ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ በሚገኝ የመራቢያ ሥፍራ ዓመቱ እንዴት እንደነበረ ይናገራል ማለት ነው።

የወፎቹ እግርም መታየት ይኖርበታል። በአውሮፓ የሚገኙ ተመራማሪዎች በክሬኖች እግር ላይ ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበቶችን ያጠልቃሉ፤ በአንደኛው እግር ያለው የቀለም ቅደም ተከተል አገሩን፣ በሌላኛው ያለው ደግሞ ወፉን ለይቶ ያመለክታል። ከኢስቶኒያና ከፊንላንድ የሚነሱ ክሬኖች በኢትዮጵያ እንደሚከርሙ በሳተላይት ክትትል ተረጋግጧል። ቀለበቱን በግልጽ የሚያሳይ ምስል ከቀኑና ከቦታው ጋር ከተላከ ወፉን መያዝም ሆነ ማስደንገጥ ሳያስፈልግ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ረገድ ጀማሪዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓባይ ተፋሰስ ከአውሮፕላን የተነሱት ፎቶግራፎች የተዘጋጁት ለካርታ ሥራ ነበር፤ ስለ ወፍ ያሰበ ሰው እንደነበር አይገመትም። ዛሬ ግን በተፋሰሱ ደንና ረግረግ መሬት ምን ያህል እንደተለወጠ ለማወቅ የሚፈልጉ አጥኚዎች እንደ መነሻ የሚጠቀሙት እነዚህኑ ምስሎች ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ምስሎቹ ቀን፣ ቦታና ተከታታይ ቁጥር ይዘው በመዝገብ ቤት በመቀመጣቸው ነው። ቀንና ቦታ የሌለው የወፍ ፎቶግራፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለቀን መቁጠሪያ ማስዋቢያነት ካልሆነ በስተቀር ብዙም አይጠቅምም።

ሰው ሊያየው የማይችለውን የሚመዘግበው ራሱን በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ያስገኘው ውጤትም ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የተባለችው ትንሽ የረግረግ ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የምትመደብ ስትሆን፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ እንደምትራባ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ነው። ቀደም ሲል ወፏን ለመቁጠር ሰዎች ተሰልፈው ሣሩን እየረገጡ ያስነሷት ነበር። በደቡብ አፍሪካ በሚድልፐንት ረግረግ የተተከሉ ካሜራዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያም እንደምትራባ አረጋገጡ፤ ከድምፅ መቅጃ ጋር ተዳምረውም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የነበረውን የወፏን ትክክለኛ ድምፅ ለመለየት አስችለዋል። ድምፁ በመታወቁ ወፏን ሳይረብሹ መፈለግ ተችሏል።

ፊልም ደግሞ ከዚህ የተለየ ሥራ አለው። ወፍ ብቻ የሚያሳይ ፊልም የከተማውን ተመልካች ያስደስት ይሆናል፤ የገበሬውን ጥያቄ ግን አይመልስም። በህንድ አሳም ግዛት ሃርጊላ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ቆሻሻና የመጥፎ ዕድል ምልክት ይቆጠር ስለነበር ነዋሪዎች ጎጆ የሚሠራበትን ዛፍ ይቆርጡ ነበር። የሥነ ሕይወት ባለሙያዋ ፑርኒማ ዴቪ ባርማን የመንደር ሴቶችን በማስተባበር አመለካከቱን ለወጠች፤ በሦስት መንደሮች የነበሩት 28 ጎጆዎችም ከ250 በላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ሃርጊላ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የሚያተኩረው በወፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በእነዚሁ ሴቶች ላይ ነው። ወፉ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች ምድብ ወጥቷል። ለውጡን ያመጣው የሴቶቹ ሥራ እንጂ ፊልሙ አይደለም፤ ፊልሙ ሥራው ከሦስት መንደሮች አልፎ እንዲታወቅ አድርጓል።

በጣና ዙሪያም ጉዳዩ ከገበሬው ማሳ የሚለይ አይደለም። የክሬን መንጋ የሚደርሰው ሰብል በሚታጨድበት ወቅት በመሆኑ ወፉ በገበሬው ዘንድ እንደ እንግዳም እንደ ጠላትም ሊታይ ይችላል። መንጋው በቃርሚያ ላይ የሚውልበትንና ባልታጨደ ሰብል ላይ የሚያርፍበትን ጊዜ ለይቶ የሚያሳይ፣ በአማርኛ የተዘጋጀና በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሊታይ የሚችል አጭር ፊልም ከውበት ትዕይንት የበለጠ ይጠቅማል። ጉዳት ካለም መደበቅ አይገባውም፤ ገበሬው በዓይኑ ያየውን የሚክድ ፊልም ተቀባይነት አያገኝም።

ካሜራ ራሱ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ጎጆ ለማንሳት የሚጠጋ ሰው ወላጆቹን ያባርራል፤ የሰው ዱካም ለአዳኝ እንስሳት መንገድ ይከፍታል። በመንጋ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበር ድሮን ወፎቹን ከማደሪያቸው ያስነሳል። የጎጆን ትክክለኛ ቦታ የሚገልጽ መረጃ ለመሥሪያ ቤት መዝገብ እንጂ ለሕዝብ ሥርጭት መዋል አይኖርበትም። የዱር እንስሳትን ጉዳይ በሕግ በኩል ከተመለከቱት አዋጆች መካከል የልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ባለሥልጣኑን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 575/2000 የሚገኙበት ሲሆን፣ ለፊልም ቀረጻ የሚወጣ ቡድን ከመነሳቱ በፊት ከሚመለከታቸው የፌዴራልና የክልል አካላት ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል።

ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። በአንድ ረግረግ ዳር ቋሚ ምልክት ተክሎ በየዓመቱ በኅዳር፣ በየካቲትና በነሐሴ ከዚያው ነጥብ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶግራፍ ማንሳት በተንቀሳቃሽ ስልክም ይቻላል። የፎገራዎቹ የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ለመስኖ በሚሳብ ውሃና በእርሻ መስፋፋት መጥበባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው የእምቦጭ አረም መዛመትም በዚህ ዓይነት ተከታታይ ምስል ሊመዘገቡ ከሚችሉ ለውጦች ይጠቀሳሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የፀጥታ ችግር የመስክ ሥራን አዳጋች አድርጎታል። ቀደም ሲል የተነሱትን ምስሎች መሰብሰብ ግን ከቢሮ ሆኖ ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው። ፎቶግራፎቹ በጡረታ በወጡ ባለሙያዎች፣ በመምህራንና በአስጎብኚዎች እጅ ተበታትነው የሚገኙ በመሆናቸው ያነሳቸው ሰው ቦታውንና ወቅቱን በሚያስታውስበት ጊዜ መመዝገብ ይኖርባቸዋል።