ጠፍጣፋ ጣሪያ ለምን ያፈሳል?

በመካነ ሰላምና በሌሎች የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች የተለመደው ተዳፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ግን ዝናብን የሚከላከለው በላዩ በሚነጠፈው የሬንጅ ሽፋን በመሆኑ፣ በሽፋኑ ላይ የሚደርስ ጉዳት ውኃን ወደ ቤት ያስገባል።

ሽፋኑ በአብዛኛው የሚላቀቀው ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝና በውኃ መውረጃው አፍ ላይ ነው። የቀን ፀሐይና የሌሊት ውርጭ በሚፈራረቁበት ደጋ ሬንጁ ሲለጠጥና ሲኮማተር ይሰነጠቃል። መውረጃው በአፈር ከተደፈነ የክረምቱ ውኃ በላዩ ይተኛል። ጠብታው የሚታይበት ቦታና ቀዳዳው ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ፍለጋው አድካሚ የሚሆነውም በዚሁ ነው።

ከሁሉ የከፋው እርጥብ ኮንክሪትን በሬንጅ መሸፈን ነው። የታፈነው እርጥበት በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ሽፋኑን ያሳብጠዋል። በሰሜን ወሎ የሚገኙት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የአንዳንዶቹ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። ቅቡ እርጥበትን በዐለቱ ውስጥ በማፈኑ በኋለኛው ጥገና እንዲነሳ ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ከበላያቸው የዝናብ መከለያ ተሠርቷል።

በመኖሪያ ቤትም ባፈሰ ቁጥር አዲስ ሬንጅ መደረብ እርጥበቱን ይቆልፋል። ያበጠው ሽፋን ተቆርጦ መነሳት፣ ኮንክሪቱም በበጋ በሚገባ መድረቅ ይኖርበታል።