«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ የዎተርጌት ቅሌትና የሥልጣን ቁጥጥር



በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ «ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረዳቸው ማን ነው?» ገሚሱ ጋዜጠኞች ይላል፤ ገሚሱ ፍርድ ቤቱ፣ ገሚሱም ምክር ቤቱ። እኔም ለብዙ ዓመታት «የለም፣ ያወረዳቸው ሥርዓቱ ነው» እያልሁ አርሜያለሁ። ዛሬ ግን ይህን የራሴን መልስ ላርም እወዳለሁ። «ዓ.ም.» ካልሁባቸው በቀር የምጠቅሳቸው ዘመናት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የነደፉት ሰዎች የተነሡት ከዚህ ተቃራኒ ሐሳብ ነው። ፕሬዚዳንቱን የተወካዮች ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ሊከሰው፣ ሴኔቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ብሎ ሊሽረው ይችላል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የሰፈረ ሥልጣን በራሱ አይንቀሳቀስም።

ሰኔ 17 ቀን 1972 ሌሊት በዋሽንግተን በዎተርጌት ሕንፃ ፍራንክ ዊልስ የተባለ ዘበኛ የአንድ በር ቁልፍ እንዳይዘጋ ፕላስተር ተለጥፎበት አየ። አንሥቶ ጣለው። ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ተለጥፎ ስላገኘው ለፖሊስ ደወለ። በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ተያዙ። ከስድስት ቀን በኋላ ኒክሰን የስለላ ድርጅቱ (ሲአይኤ) የፌዴራል ምርመራ ቢሮውን (ኤፍቢአይ) ከምርመራው እንዲያስቆም በቢሯቸው ተስማሙ። ይህን ሕዝቡ አያውቅም ነበርና በኅዳር ወር ምርጫ ከ50 ክፍላተ ግዛት 49ኙን አሸነፉ። ጉዳዩ እዚያው ተዳፍኖ ሊቀር ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

እንዳይቀር ያደረገው እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ያለ ሂደት ነው። ዳኛ ጆን ሲሪካ በሰርሳሪዎቹ ቃል አልረኩም፤ ከተከሳሾቹ አንዱ የነበረው ጄምስ ማኮርድም በመጋቢት 1973 በችሎት በተነበበው ደብዳቤው ተከሳሾች ዝም እንዲሉ ጫና እንደተደረገባቸውና በችሎቱ በሐሰት እንደተመሰከረ ገለጸ። ሴኔቱ በየካቲት ወር 77 ለ0 በሆነ ድምፅ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ ዱላውን ተቀበለ። ሐምሌ 16 ቀን አሌክሳንደር ባተርፊልድ በዚህ ኮሚቴ ፊት ቀርበው በፕሬዚዳንቱ ቢሮ የሚደረግ ንግግር ሁሉ በቴፕ እንደሚቀረጽ ተናገሩ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ቴፖቹ ለማን ይሰጡ የሚል ሆነ።

ጥቅምት 20 ቀን 1973 ላይ ጥቂት እንቆይ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ አርቺባልድ ኮክስ ቴፖቹን አምጡ ብለው ስለጸኑ ኒክሰን እንዲያባርሯቸው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ኤልየት ሪቻርድሰንን አዘዙ። ሪቻርድሰን ሹመታቸው በሴኔት ሲጸድቅ የልዩ ዐቃቤ ሕጉን ነጻነት ለማክበር ቃል ገብተው ነበርና ሥራቸውን ለቀቁ። ምክትላቸው ዊልያም ራከልስሃውስም እንቢ ብለው ሄዱ። በማዕረግ ሦስተኛው ሮበርት ቦርክ ግን ፕሬዚዳንቱ የማዘዝ ሥልጣን አላቸው ብለው ትእዛዙን ፈጸሙ። ልብ በሉ፤ በዚያች ሌሊት ኮክስን ከመባረር ያዳነ ተቋም አልነበረም። ነገሩን የቀለበሰው የሕዝቡ ቁጣ ነው። በኅዳር ወር የተሾሙት አዲሱ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሊዮን ጃዎርስኪም ቴፖቹን መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

ሐምሌ 24 ቀን 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 በሆነ ድምፅ ቴፖቹ እንዲቀርቡ ወሰነ። ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱን የሾሟቸው ኒክሰን ራሳቸው ነበሩ፤ ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛ ዋረን በርገርም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ የመጀመሪያውን የክስ አንቀጽ 27 ለ11 አጸደቀ። በኮሚቴው ከነበሩት 17 ሪፐብሊካን ስድስቱ ክሱን ደገፉ። ነሐሴ 5 ቀን የዚያ የሰኔ ንግግር ቴፕ ይፋ ሲሆን የገዛ ፓርቲያቸው መሪዎች ድጋፍ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ነሐሴ 9 ቀን ሥልጣን ለቀቁ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1973 በዋይት ሐውስ የኒክሰን እንግዳ ነበሩ፤ የሴኔቱ ምርመራ በይፋ የተከፈተውም በዚያው ሳምንት ነው። ኒክሰን ከወረዱ ከ34 ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ። የሁለቱ ምክንያት አንድ ነው አልልም። የእኛ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን ንጉሡን ቅዱስና የማይደፈር አድርጎ ስለደነገገ የሚጠየቁበት ሕጋዊ በር አልነበረውም። በር ባልነበረበት ቤት ወታደሩ ግድግዳውን አፍርሶ ገባ። ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በዋሽንግተን ግን አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

እንግዲህ «ሥርዓቱ ነው» የሚለው መልሴ ለምን ጎደለብኝ? ከሌሊቱ ስርቆት እስከ ስንብቱ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ግድም ፈጅቷል። ሁለቱም ምክር ቤቶች በተቃዋሚው ፓርቲ እጅ ነበሩ። ቴፕ ባይኖር ኖሮ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ተሽሮ ሊቀር ይችል ነበር። ከዚያም በላይ ተተኪው ጄራልድ ፎርድ መስከረም 8 ቀን ሙሉ ምሕረት ስላደረጉላቸው ኒክሰን ችሎት ፊት ለፍርድ አልቆሙም። ፕሬዚዳንት በወንጀል ይጠየቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ለቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በሥራቸው ስለፈጸሙት ተግባር ሰፊ ያለመከሰስ መብት ሰጠ። የአባቶቻችን ተረት በፈረሰበት አገር በከፊል ተመልሶ ገባ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስለዚህ ከእንግዲህ መልሴ እንዲህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በሩን አበጅቷል፤ በበሩ ያለፉት ግን እንጀራቸውን፣ ሹመታቸውን ወይም የፓርቲ ወገንተኝነታቸውን የሚያስከፍል ውሳኔ የወሰኑ ሰዎች ናቸው። ተቋም የሌለው ጀግና ይረሸናል፤ ጀግና የሌለው ተቋምም ትእዛዝ ተቀብሎ ይፈጽማል። እናንተ ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የምክር ቤት አባል ትሆናላችሁ። ጥያቄዬን ከፈተና ወረቀቱ አውጥታችሁ ይዛችሁት እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።